በእማዬ አፍ ውስጥ የነበረው እሳት

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ እናቴ አፍ ውስጥ እሳት አለ ብዬ አምን ነበር። እውነተኛ እሳት፣ ቤት የሚያወድም። ማንኪያዋን ከእኔ ማንኪያ ለይቼ አጥባለሁ። ስትስመኝ ተቃጥሎ እንደሆነ ብዬ ጉንጬን በመዳፌ ቶሎ እዳብሳለሁ። ስታዛጋ ከአጠገቧ ብድግ ብዬ ጥግ እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቋን ተወችው፤ እኔም ከፍርሃቴ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከትልልቆች ወሬ የወዳደቀውን ለቃቅሜ፣ በልጅ ጭንቅላቴ ገጣጥሜ የሠራሁት ነው።

እማዬ የክር ፋብሪካ ስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ማዞሪያ ክፍሉ ከዋናው በር በስተቀኝ ያለ፣ አንድ መስኮትና ሁለት ወንበር ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ነው። ትምህርት በሌለ ቀን ይዛኝ ትሄድና አንደኛው ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች። ሰሌዳው ላይ ትንሿ መብራት ብልጭ ስትል ገመዱን ካንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች፣ ቤት ውስጥ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ «አቤት፣ ማንን ላገናኝዎት?» ትላለች። ብዙ ጊዜ የምትደውለው ጥጥ መጋዘን የምትሠራው ጓደኛዋ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት ስላለ ሁሉም ፍንጭቷ ይሏታል። «ሄሎ፣ ማር አፍ!» ትልና ገና ቀልዱን ሳትጀምር ራሷ ትንከተከታለች። ሳቋ ከእማዬ ጆሮ አልፎ እኔ ጋ ድረስ ይደርሳል።

አባዬ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነው። ብዙ የማይናገር፣ እጁ ምን ቢታጠብ ግራሶ የሚሸት ሰው። የሁለቱም አለቃ ሥራ አስኪያጁ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማያውቅ ሠራተኛው ከጀርባው «ለስላሳው» ይለዋል። እኔ ግን ለስላሳ መጠጥ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። ባየኝ ቁጥር ከኪሱ ከረሜላ ያወጣልኛል። እንደሱ ያለ ጥሩ ሰው በዓለም ላይ የለም ብዬ ነበር የማምነው።

እሳቱ የተነሣ ዕለት ክፍል ውስጥ ነበርን። ከምሳ በኋላ በመስኮቱ በኩል ጥቁር ጭስ ወደ ላይ ሲትጎለጎል አየን፤ መምህራችን ሄዳ መስኮቱን ዘጋችና ማባዛቱን አስቀጠለችን። ቤት ስደርስ ማንም የለም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። አመሻሹ ላይ አብረው መጡ። የአባዬ ክንድ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ቅንድቡ የለም። እማዬ ግን ልብሷ እንኳ አልቆሸሸም። ያስፈራችኝ እሷ ናት። ከእሳት የወጣው አባዬ ሆኖ ሳለ፣ የተቃጠለ ሰው ፊት የነበራት እሷ ነበረች።

የነደደው የጥጥ መጋዘኑ ነው። አራት ሰው ሞተ። አንዷ ፍንጭቷ ናት።

እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በስልኩ ውስጥ ነው የመጣብኝ» አለችው አባዬን። «እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ...» አባዬ ወደ እኔ አየና «ቆይ፣ ልጅቷ አለች» አላት።

እኔ ያን ቃል ይዤ ቀረሁ። እሳቱ በስልክ ገመድ መጥቶባታል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሻይ ፉት አለችና «ውይ!» ብላ መልሳ ኩባያው ውስጥ ተፋችው። «አቃጠለኝ! አፌን አቃጠለኝ!» ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ስትሮጥ እኔ ጣቴን ሻዩ ውስጥ ነከርኩ። ቀዝቅዟል። ቀድታ ረስታው ቆይቶ ነበር። ጣቴን እንደነከርኩ ደርቄ ቀረሁ። ታዲያ ያቃጠላት ምንድን ነው?

ከዚያ ቀን ወዲያ አልለቀቃትም። ጠዋት ቀለል ይልላትና ከሰዓት በኋላ እየባሰ ይሄዳል። የምላሷ ጫፍ፣ የከንፈሯ ውስጥ፣ ላንቃዋ። «በርበሬ የነሰነሱብኝ ነው የሚመስለኝ» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳትቀምስ አፏ ብረት ብረት ይላታል። ዳቦዋን በቀዝቃዛ ወተት አርሳ ነው የምትበላው። ሥራ ቦታ የውኃ ጠርሙሷ ከአጠገቧ አይለይም፤ «አቤት» ከማለቷ በፊት አንዴ ትጎነጫለች። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ጥርሷን ታፋጫለች፤ ጥሬ የምትቆረጥም ነው የሚመስለው። እኔ ከራስጌዋ ቁጭ ብዬ ያንን ድምፅ እየሰማሁ፣ እሳቱ ጥርሷን እየበላ ነው እል ነበር።

«እስቲ እዪልኝ» አለችኝ አንድ ቀን፤ ወደ መስኮቱ ዞራ አፏን ከፈተች። በአባዬ የእጅ ባትሪ እያበራሁ፣ ትንፋሼን ይዤ ወደ ውስጥ አየሁ። ምላሷ እንደ ማንም ሰው ምላስ ቀላ ያለ፣ እርጥብ። ቁስል የለ፣ እባጭ የለ። «ምንም የለም፣ እማዬ» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያኔ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው፣ ትንሽ ቁስል ባገኝላት ኖሮ እንዴት በተደሰተች! ቁስል ቢኖር ሰው ያምናታል፤ እሷም ራሷን ታምናለች።

የፋብሪካው ክሊኒክ ድሬሰር «ጥርስሽ ነው» ብሎ መንጋጋዋን ነቀለላት። በወሩ በሌላኛው በኩል ሌላ ነቀለ። ሁለቱንም ጊዜ ጥጥ ነክሳ፣ አገጯ ላይ ደም ደርቆ ነው የመጣችው። ማቃጠሉ አልቆመም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ «አንቺ ሴትዮ፣ ታካብጃለሽ!» ብሎ መለሳት። እኔ ጥርሶቹን የነቀለው ለእሳቱ መውጫ ሊያበጅለት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ክፍተት በኩል ነበልባሉ ብቅ ሲል እየታየኝ በማዕድ ላይ ከእሷ ራቅ ብዬ እቀመጥ ጀመር።

ጥርጣሬዬን ያበቃው አባዬ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሁለቱ ልብስ እያሰጡ ነበር። እኔ ከአንሶላው ጀርባ ነኝ፤ አላዩኝም።

«እባክሽ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት። «አፍሽን የከፈትሽ ዕለት ሁላችንንም ነው የምታቃጥዪን። እኔንም፣ ራስሽንም፣ ይህችን ልጅም።»

«እኔስ? አሁን እየነደድኩ አይደለም ወይ?»

«ቻዪው። ምን ይደረግ፣ ቻዪው።»

ከአንሶላው ጀርባ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ይኸው፣ አባዬም ያውቃል። ትንፍሽ ካለች ይወጣል።

በዚያው ሰሞን ለስላሳው ቤታችን ስልክ አስገባልን። በሰፈራችን የመጀመሪያው ነው፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ነካ ነካ አደረገው። «ስለታመመች ጤንነቷን ልከታተል ብዬ ነው» አለ አሉ። ጥቁርና ከባድ ነበር፤ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እኔ በአጠገቡ አላልፍም፤ እሳቱ የሚመጣው በዚያ በኩል ነዋ! እውነትም ሲጮህ የእማዬ መንጋጋ አጥንት በጉንጯ ላይ ፍጥጥ ይላል። አንስታ «እሺ... እሺ ጌታዬ... አልረሳሁም» ትልና፣ ዘግታው ወዲያው ወደ ውኃዋ ነው።

አንድ ቀን ስልኩ ሲጮህ ልብስ እያጠበች እጇ አረፋ ነበር። «አንሺውና፣ መጣች በዪ» አለችኝ። እጄን በፎጣ ጠቅልዬ አነሣሁት።

«ሄሎ? ሚሚ ነሽ?» ለስላሳው ነው። ልቤ እርፍ አለ። ከዚያ ድምፅ እሳት ሊወጣ አይችልም።

«አቤት።»

«የእማዬ አፍ እንዴት ሆነ?»

«ያቃጥላታል።»

«አይዞሽ። አፏን ትጠብቅ በያት። አፏን ከጠበቀች ማናችሁም ምንም አትሆኑም። ትነግሪያታለሽ?»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትገባ፣ የሐኪም ትእዛዝ እንደማደርስ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነገርኳት። አመዷ ቡን አለ። «ሌላስ? ሌላ ምን አለሽ?» ብላ ትከሻዬን ይዛ ወዘወዘችኝ። የእርጥብ ጣቶቿ ቅርጽ ልብሴ ላይ ቀረ። ምን አጠፋሁ ብዬ አለቀስኩ። ሰውየው እኮ አዝኖላት ነው!

እዚህ ላይ ነገሩን ልግለጠው፤ እኔ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የመጋዘኑ በር፣ ጥጥ ይሰረቃል እየተባለ፣ በለስላሳው ትእዛዝ ከውጭ ይቆለፍ ነበር። እሳቱ ሲነሣ ፍንጭቷ ከውስጥ ወደ ማዞሪያው ደወለች። እማዬ ወዲያው ለስላሳውን በስልክ አገኘችው። እሱም በዚያው በረጋ ድምፁ «እኔ መጥቼ እስካይ ለማንም እንዳትደውዪ። ለጥበቃም፣ ለእሳት አደጋም» አላት። እናቴ ታዘዘች። አሥራ አንድ ደቂቃ። አሁን አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የእሷ የምስክርነት ቀን እየቀረበ ነበር፤ እንድትል የሚፈለገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከመጋዘን የተደወለ ስልክ የለም።» ያን ካለች አባዬም እሷም በሥራቸው ይቆያሉ። ካላለች፣ የመጋዘኑን የኤሌክትሪክ መስመር የጠገነው መካኒክ ማን እንደነበር ይታሰባል። አባዬ ነበር።

እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ያ ጥሩ ሰው እሳቱን እንድናዳፍን እየረዳን እንደሆነ ነው።

ምስክርነቱ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት፣ እማዬ እኔን ይዛ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። የጥርስ ሐኪሟ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። በመስታወቷ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ኳ ኳ አደረገቻቸው። ምላሷን በጨርቅ ይዛ ግራና ቀኙን አየች። አልቸኮለችም።

«ጥርሶችሽ ደህና ናቸው» አለች። «የተነቀሉትም ደህና የነበሩ ይመስለኛል።»

እማዬ ጥርሱ በተነቀለበት በኩል ጉንጯን ዳበሰች።

«ግን የኋለኞቹ ተፍቀው ሜዳ ሆነዋል። ጉንጭሽ ውስጥም የንክሻ መስመር አለ። ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የምትውዪው። ይኸው፣ አሁንም ነክሰሻል።»

እማዬ አገጯን ነካች፤ የሌላ ሰው አገጭ ያህል ገርሟት። «አስመሳይ ነው የሚሉኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ይበሉ። ማቃጠሉ እውነት ነው። ቁስል ስላልታየ ሕመም የለም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ጭንቀት ሲከርምበት፣ ምንም ሳይነካው አፉ እንዲህ ይነድበታል። ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ። መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ስድስት ወር አለፈው።»

«ከዚያ በፊት ምን ሆነሽ ነበር?»

እማዬ እኔን አየችኝ። ሐኪሟም ዞራ አየችኝና «ሂጂ እስቲ የኔ ልጅ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጪ» አለችኝ።

ኮሪደሩ አልኮል አልኮል ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ጉንጫቸውን በፎጣ አስረው እያቃሰቱ ነው። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። መጀመሪያ ማጉረምረም ብቻ ሰማሁ። ከዚያ የእማዬ ለቅሶ መጣ፤ እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም፤ የሽማግሌው ማቃሰት እንኳ ቆመ። ከዚያ ቁርጥራጭ ቃላት፦ «...እሳቱ...» «...ልጄን ምን ያደርጉብኛል...» መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

«ማክሰኞ አፌን እከፍተዋለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ማክሰኞ። በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ቀን።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ እጄን ይዛ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ አፏን እያየሁ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሥራ፣ እሷ ደግሞ ዳቦ ልትገዛ ወጡ። ደብተሮቼንና አሻንጉሊቴን አውጥቼ ግቢ ውስጥ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ደረደርኳቸው። የአባዬን ካፖርት ግን መሸከም አቃተኝ፤ ይከብዳል። እጅጌውን ይዤ እየጎተትኩ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሚረዳን ሰው እኮ አለ።

የፋብሪካው ቁጥር ስልኩ ላይ ተለጥፏል። እያንዳንዱን ቁጥር እየደጋገምኩ አዞርኩ። የማላውቃት ሴት «አቤት፣ ማንን ላገናኝ?» አለች።

«ጋሼ ለስላሳውን።»

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ግን አገናኘችኝ።

«እማዬ ማክሰኞ አፏን ልትከፍት ነው» አልኩት። «ለሐኪሟ ስትነግራት ሰማሁ። ከዚህ በላይ አልችልም አለች። እባክዎ እንዳትከፍት ያድርጉልን።»

ከወዲያ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

«ጎበዝ ልጅ» አለ ተመልሶ። «ሌላ ማን ሰማ?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲህ እንደተደዋወልን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔ አለሁ።»

ዕቃዬን ከበርሜሉ አጠገብ ሰብስቤ መለስኩ። እማዬ ስትመጣ ቤቱን ጠርጌ ጠበቅኳት። ስንት ወር ሙሉ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ እየበላን ሁለት ሰዎች በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ የመጋዘኑን መስመር በተመለከተ» አሉት አባዬን። ኩባያውን አስቀመጠ። ጫማውን እንዲያስር ጊዜ አልሰጡትም። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ እማዬን አያትና «አንቺ እንደመሰለሽ» ብቻ አላት።

እኔ ተቆጥቷት ነው ብዬ ነበር። ስንት ዓመት እንደዚያ ሳስብ ኖሬያለሁ። እማዬ ግን ያኔውኑ ገብቷታል። ስድስት ወር «ቻዪው» ሲላት የነበረው ሰው፣ በሁለት ቃል ፈትቶ ለቀቃት።

የሰዎቹ እግር ከግቢ እንደወጣ ስልኩ ጮኸ። እማዬ አነሣችው። «አቤት» እንኳ አላለችም። ዝም ብላ ሰማች፤ እየሰማች ዓይኗ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ዓይነት አተያይ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁባትም። እሳቱ በመጨረሻ ዓይኗ ድረስ መጣ አልኩ። ስልኩን ዘጋችው። ጠረጴዛውን ገፋ አደረገችና ገመዱን ከግድግዳው ነቅላ ጠቀለለችው። ከዚያ መጥታ እግሬ ሥር ተንበርክካ ጫማዬን አሰረችልኝ። የታሰረ ጫማ ነበር፤ ፈትታ እንደገና አሰረችው።

ማክሰኞ ይዛኝ ሄደች፤ እኔን የምትተውለት ሰው አልነበራትም። እኔ የትምህርት ቤት ኮዳዬን ውኃ ሞልቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። በሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እንደገባሁ ቆጠርኳቸው። ለስላሳው ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩለት።

እማዬ ስሟ ተጠርቶ ቆመች። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ መጀመሪያ ምንም አልወጣትም፤ ሰብሳቢው ውኃ አስመጡላት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃምሳ ድረስ ቆጠርኩ። የሞቀኝ ነገር የለም። ጭስ አልሸተተኝም። ቀስ ብዬ አንድ ጣቴን አወጣሁ።

«...ሦስት ጊዜ ደወለች» ትላለች እማዬ። ያ የማዞሪያው ቀጭን ድምፅ አልነበረም፤ የቤቱ ድምፅ ነው። «መጀመሪያ ‹በሩን አስከፍቺልን› አለችኝ። ‹መጡ፣ ጠብቂ› አልኳት፤ ማንም አልመጣም ነበር። ሁለተኛ ስትደውል ትጮኻለች። በሦስተኛው አልጮኸችም። ስሜን ብቻ ጠራችኝ። ማር አፍ አላለችኝም፤ በስሜ።» ውኃውን ተጎነጨች። «እንዳትደውዪ ብሎኝ ነበር፤ አልደወልኩም። አሥራ አንድ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ያዘዘኝ እሱ ነው፤ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። የፍንጭቷ ባል ነው፤ በፋብሪካው በር ሲጠብቃት አየው ስለነበር አወቅሁት። «ለእሷ ‹መጡ› አልሻት?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ወጥቶ ሄደ። እማዬ ወደ በሩ እያየች ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። እኔ ወደ ለስላሳው ዞርኩ። አሁን እኔን አያይም ነበር፤ ክራባቱን በሁለት ጣቱ ቁልቁል ያለሰልሳል፣ ያለሰልሳል። በዚያች ሰዓት፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ፣ እሱን ፈራሁት። ኮዳዬን አቅፌ ከወንበሩ ሥር ገባሁ።

አባዬ በዘጠነኛው ቀን ተለቀቀ። ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ምን እንዳደረጉት ሳይናገር ሞተ። ሁለቱም ሥራቸውን አጡ። ለስላሳው ተፈርዶበት ነበር፤ ይግባኝ ብሎ በዓመቱ ወጣ። የፍንጭቷ ባል በመንገድ ሲያየን መንገድ ይቀይራል፤ እማዬም አልተቀየመችውም። አባዬ ቤት ለቤት እየዞረ የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ጀመረ፤ እማዬ ደግሞ ለአንዲት ዓይነ ስውር መምህርት ከሰዓት ከሰዓት መጻሕፍት ታነብላቸው ነበር።

አፏ በዚያው ቀን ድኖ ቢሆን ተረቱ ያምር ነበር። አልዳነም። ከአዳራሹ እንደወጣን ራሱ እያቃጠላት ነበር። ሐኪሟ ጋ ስትመላለስ፣ ሰው ሳይኖር መንጋጋዋን ማላላት ስትለማመድ፣ አራት ወር ያህል ከቆየ በኋላ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ተዋት። ቀጥሎ ሙሉ ቀን የተዋት ጊዜ መጣ። አባዬ የሞተ ሰሞን ተመልሶባት ነበር፤ «መጣብኝ» አለች እንጂ እንደ ድሮው አልደነገጠችም። እኔም ካደግሁ በኋላ በአፏ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ገባኝ። የከበደኝ ሌላው ነው፤ ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን ያዞርኩት እኔ መሆኔ። አባዬን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ያን ለማንም አልነገርኩም። ምላሴን በቆረጠው እያልኩ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ዓመት እማዬ እኔ ቤት ከርማ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን አጠፈችና «ሞተ» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የሐዘን መግለጫው ላይ ሽበታም፣ ፈገግተኛ ሽማግሌ ነው፤ ለስላሳው። ፎቶውን እያየሁ ከጎኗ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። የሐኪሟ በር አለመዘጋቱን፣ ቅዳሜውን፣ «ጋሼ ለስላሳውን» ማለቴን። እያወራሁ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሰኞ ዕለት ራሱ ነገረኝ፤ አባትሽን ይዘውት እንደወጡ ደውሎ። ‹ልጅሽ ካንቺ ትሻላለች፣ ሁሉን ትነግረኛለች› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ስምንት ዓመትሽ ነበር እኮ።» መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ደግሞ ለሐኪሟ እከፍተዋለሁ አልኩ እንጂ፣ ቤት ስደርስ ሐሳቤን ቀይሬ ነበር። ቅዳሜም እሑድም ‹የተደወለ ስልክ የለም› ልል ነበር የወሰንኩት። ‹ልጅሽ ትነግረኛለች› ሲለኝ ነው... አንቺንም ወሬ አቀባዩ እንዳደረገሽ ሳውቅ ነው የቆረጥኩት።»

እውነቷን ይሁን ወይስ ልታሳርፈኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግሜ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልደገመችውም። ያን ዕለት ግን ብዙ ካየችኝ በኋላ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይዘሽው ኖርሽ?» አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

እጄን ወደ ራሷ ሳበችና እንደዚያች ሐኪም ሳትቸኩል ጠየቀችኝ።

«የት ላይ ነው የሚያምሽ?»

እጇን ወስጄ ደረቴ ላይ አደረግሁት።